ዳግማዊ አጼ ምኒልክና የማገዶ ነገር

የዳግማዊ አጼ ምኒልክ ታሪክ በተነሣ ቍጥር ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያነሣው የዓድዋን ድል ነው፤ ቀጥሎም ስልኩን፣ ባቡሩን፣ ባንኩንና ትምህርት ቤቱን ይቈጥራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ እኛም በክፍል ተምረነዋል። ነገር ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ እኒህ ንጉሥ ለመጻፍ በተነሣን ጊዜ፣ ከብዙው ሥራቸው መካከል ለእኛ ለደነባ ልጆች እጅግ ቅርብ የሆነውን መርጠን ለማውጣት ተስማማን። እርሱም የእንጨት ጉዳይ ነው። ለምርጫችን ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ንጉሡ የተወለዱት በጎረቤታችን ሜዳ ነው፤ በዘመናቸው ያስጨነቃቸው የማገዶ ችግርም ዛሬ በየቤታችን ምድጃ አጠገብ ተቀምጧል።

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ሲሆኑ፣ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። በልጅነታቸው ሣህለ ማርያም ይባሉ ነበር። አንጎለላ በጫጫ በኩል ያለች፣ ከእኛ ከደነባም ብዙ የማትርቅ ደጋ ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንድ ጊዜ በአንኮበር፣ አንድ ጊዜ በአንጎለላ፣ አንድ ጊዜም በደብረ ብርሃን ይቀመጡ ስለ ነበር፣ የልጅ ልጃቸው የተወለዱበት ቤተ መንግሥት በሁለት ዓይነት አገር መካከል የሚመላለስ ነበር ማለት ይቻላል። በአንጎለላ በኩል ሜዳው ገላጣ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ዛፉም ጥቂት ነበረ። በአንኮበር በኩል ግን ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በዝግባ የተሸፈነ ነበረ። ከዚያ ደን የተረፈው ዛሬም ወፍ ዋሻ በሚባለው ስፍራ ይታያል።

የእኛ ሜዳ ለምን ገላጣ ሆነ ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። አንደኛው ምክንያት አፈሩ ነው። መረሬው መሬት በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሣር እንጂ ብዙ ዛፍ አይወድደውም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ሰው ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ እየታረሰ፣ ከብት እየተሰማራበት፣ በየገደሉ አፋፍና በየወንዙ ዳር የነበረው ዛፍ እየተቈረጠ ሄዶ፣ ባላገሩ ምድጃውን በኩበት ማንደድ ለመደ። አንዳንድ ሰው ደኑ ትናንት የጠፋ ይመስለዋል፤ በሸዋ ደጋ ግን ነገሩ የቈየ ነው።

ወፍ ዋሻን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት አጼ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በመናገሻ ተራራ ላይ አስተከሉ ተብሎ ይነገራል። ነገሩ በአፈ ታሪክ የመጣ ቢሆንም የመናገሻ ደን እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል። ታሪኩ እውነት ከሆነ፣ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ስትሠራ ከመናገሻ እየተጐተተ የወረደው ግንድ መነሻው የእኛው አገር ዘር ነበረ ማለት ነው። ተክሎ ለልጅ ልጅ ማቈየት የሚባለው እንዲህ ያለውን ይመስለናል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1848 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ለማስገበር በዘመቱ ጊዜ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። ልጃቸው ምኒልክም ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ተይዘው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። በአጼ ቴዎድሮስ ዘንድ እንደ ልጅ አደጉ፣ ሥርዓተ መንግሥትን ተማሩ፤ በ1857 ዓ.ም. ግን ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና በአባታቸው ዙፋን ተቀመጡ። ይህ ሁሉ በሌላ መጽሐፍ በሰፊው ስለሚገኝ እኛ በዚህ አናበዛውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የምኒልክ ቤተ መንግሥት በአንድ ስፍራ አልረጋም። አንኮበር፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው ልቼ፣ ወረ ኢሉ፣ በመጨረሻም እንጦጦ በየተራቸው ማዕከል ሆኑ። ለመዘዋወሩ የጦርነትና የአስተዳደር ምክንያት እንደ ነበረበት አይካድም፤ ነገር ግን አንዱ ትልቅ ምክንያት እንጨት ነበረ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው አንድ ኮረብታ ላይ በሰፈረ ጊዜ የሚፈጀውን እንጨት አስቡት። ለቤቱ ምሰሶና ማገር፣ ለግቢው አጥር፣ ለእንጀራ መጋገሪያው፣ ለወጡ፣ ለጠላው፣ ለብርዱ ሌሊት እሳት ሁሉ እንጨት ይፈለጋል። ግብር በተጣለ ቀንማ የሚነደው ክምር ስንት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በመጀመሪያው ዓመት ዛፉ በደጃፍ ይገኛል፤ በሁለተኛው ዓመት ጥቂት መሄድ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ዓመት ሲቈይ ግን እንጨት ለቃሚው ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ይነቀላል።

ይህ ልማድ ከምኒልክ በፊት የነበሩ ነገሥታትም የያዙት ነበር። በእኛ አሳብ ሞኝነት አልነበረም። ሰው ጥቂት፣ አገር ሰፊ በሆነበት ጊዜ፣ ከተማው ሲነሣ የተጐዳው ደን ያርፋል፤ ጉቶውም ያቆጠቁጣል፤ ልክ አባቶቻችን የደከመውን እርሻ ጦም እንደሚያሳድሩት ማለት ነው። ጥፋቱ የሚመጣው የሚሄዱበት ቦታ ባለቀ ጊዜ ነው። የምኒልክም ዘመን ያ ጊዜ የደረሰበት ዘመን ሆነ።

እንጦጦ ከፍ ያለና ለጠላት የማይመች ተራራ ነበረ፤ ነገር ግን እጅግ ብርድ ነው። ተራራው የነበረው ጽድ ለቤተ መንግሥቱ፣ ለአብያተ ክርስቲያናቱና ለሠራዊቱ ሲቈረጥ ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ ባለው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ መኳንንቱም እየተከተሉ ወረዱ። ምኒልክም በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ዘውዱ ግን የመጣው ከክፉ ቀን ጋር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቈየው በዚያ ዘመን በመጀመሪያ የከብት በሽታ ገባ። በሽታው በምጽዋ በኩል ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባ ሲሆን፣ ከሰሜን ጀምሮ አገሩን እያዳረሰ በሬውንና ላሙን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ዝናብ ጐደለ፤ አንበጣና ተምች የቀረውን በሉት፤ ሰውም በየመንገዱ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ጐተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን ከመመገባቸውም በላይ፣ በሬ ለሌለው ሰው መሬቱን በእጅ መቈፈር ውርደት እንዳልሆነ ለማሳየት፣ እርሳቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። መኳንንቱም ንጉሡን አይተው ዶማ ጨበጡ። ከዓድዋው ድል ቀጥሎ እኛን የሚያስደንቀን ይህ ነው። በዚያ ዘመን የእጅ ሥራ በሚናቅበት አገር ንጉሠ ነገሥት ዶማ ሲያነሡ ማየት ለባላገሩ ምን ያህል መጽናናት እንደ ነበር ወላጆቻችን ይረዱታል።

ዓድዋ በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን ሆነ። ከድሉ በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን እየላኩ በአዲስ አበባ ቤት ሠሩ፤ ነጋዴው በዛ፤ በዘመኑ መጨረሻ ላይ የከተማው ነዋሪ ከ60,000 እስከ 70,000 ድረስ ተገምቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ያነድዳል። በዙሪያው ያለው ዛፍ ስላለቀ እንጨት ከመናገሻና ከሌላም ሩቅ ስፍራ በሰው ጀርባና በእንስሳ እየተጫነ ይመጣ ጀመር፤ ዋጋውም ናረ። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ቀድሞው ልማድ ከተማቸውን ለመንቀል አሰቡ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው በእጀሬ፣ ደን በቅርብ ባለበት ስፍራ፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ፤ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድም ተሠራ።

ነገር ግን መንቀሉ እንደ ድሮው ቀላል አልሆነም። በልቼ የነበረ የሣር ጎጆ ቢተው የሚያስቈጭ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ግን መኳንንቱም፣ የውጭ መልእክተኞችም፣ ነጋዴዎችም በድንጋይ ሠርተው ነበርና ብዙ ሀብት ጥሎ መሄድ ሆነ። እንግዲህ ከተማው ካልሄደ እንጨቱ መምጣት ነበረበት። የመጣውም ከባሕር ማዶ ነው።

ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራልያ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ዘሩን ወደ አገራችን ያስገባው ለንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል፤ ሌላ ሰው ነው የሚሉም አሉ። ማንም ያስገባው ማን፣ ዛፉን ያስፋፉት ግን ምኒልክ ናቸው። ችግኙ በጥቂት ዋጋ እንዲታደል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። እዚህ ላይ የንጉሡ ብልኀት ይታየናል። ትከሉ ብሎ ማዘዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ለይስሙላ ተክሎ ይተወው ነበር፤ ትርፉን ሲያይ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ተከለ።

ዛፉም ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ጽድ ለምሰሶ እስኪደርስ የአንድ ሰው ዕድሜ ሊፈጅ ይችላል፤ ባሕር ዛፍ ግን በአምስትና በሰባት ዓመት አጠና ይሆናል። ቅጠሉን ፍየልም በግም አይበላውም፤ ስለዚህ አጥር ባይኖረው ግድ የለውም። ሲቈርጡት ከጉቶው ሦስትና አራት ሆኖ ይነሣል። ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ለቤት ይመቻል፤ እርጥቡም ሳይቀር ይነድዳል። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ተሸፈነች፤ ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛም ከተማ ሳይሆን ጫካ ትመስለው ነበር። የመንቀሉ አሳብም ቀረ። አንድ ዛፍ አንድን ዋና ከተማ በስፍራው አጸና ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በምስጋና ብቻ አላለቀም። ብዙ ሳይቈይ ምንጩ ደረቀ፣ ጕድጓዱም ውሃው ጐደለ የሚል አቤቱታ ተነሣ። ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድገው ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ ነውና አቤቱታው ያለ ምክንያት አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ላይ በነበሩበት በመጨረሻው ዘመን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1913፣ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እየተነቀለ የሐር ትል ቅጠሉን በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም። ማን ይነቅለዋል? ሰው ማገዶውንም፣ ቤቱንም፣ ገንዘቡንም ከዛፉ አግኝቶ ነበር።

ይህ ክርክር ከመቶ ዓመት በኋላ በእኛ ወረዳ በሲያ ደብርና ዋዩም አለ። በደነባ ዙሪያ የገበሬው ቤት ከሩቅ የሚለየው በባሕር ዛፉ ነው። አባት ልጁን ሲድር፣ ቤት ሲሠራ፣ ለደብተርና ለልብስ ገንዘብ ሲቸግረው ወደ ዛፉ ያያል፤ ከመካከላችን በአጠና ሽያጭ የሚማር ብዙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በማሳው ዳር የቆመ ባሕር ዛፍ የጎረቤትን ስንዴና ምስር ያቀጭጫል፤ ጥላው ያርፍበታል፣ ሥሩም እርጥበቱን ይሻማል፤ ቅጠሉም ሲወድቅ ቶሎ አይበሰብስም። በዚህ የተነሣ ዘመዳሞች ሲካሰሱ አይተናል። ዛፉን የሚረግሙትም የሚያመሰግኑትም እውነት አላቸው።

እኛ ግን ባሕር ዛፉን ከመርገም በፊት ኩበቱን ማየት ይገባል እንላለን። በየግቢው ግድግዳ ላይ ተጠፍጥፎ የሚደርቀው እበት ማሳው ላይ ቢወድቅ ኖሮ የአፈሩ ምግብ ይሆን ነበር። ሲነድድ ግን ለእህሉ ከሚያስፈልገው ምግብ ብዙው በጭስ ይሄዳል፤ የተረፈው አመድም ብዙ ጊዜ ወደ ማሳው አይመለስም። ገበሬውም ያንኑ ለመተካት ማዳበሪያ በውድ ዋጋ ይገዛል። አንድ ቤት የሚበቃውን እንጨት በራሱ መሬት ላይ ቢያገኝ እበቱ ለእርሻው ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ አይተከል ሳይሆን የት ይተከል የሚለው ነው። እህል በማያበቅለው ድንጋያማ ተረተርና በገደል አፋፍ ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በምንጭ ራስና በጥሩ ማሳ ዳር ቢሆን ግን የዛሬ ገንዘብ የነገን ውሃ ይበላል። ከእርሱም ጐን ወይራ፣ ጽድና ኮሶ መትከል ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ማገዶ ነው እንጂ ደን አይደለም፤ ወፉና አውሬው፣ መድኃኒቱና ንቡ የሚገኙት ከአገሩ ዛፍ ዘንድ ነው። ንብ እንኳ የባሕር ዛፍን አበባ ትወድደዋለች ብሎ የሚከራከረን አናጣም፤ እርሱንስ እንቀበላለን።

ሀብትን ከፍሎ መጠቀም ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በጎረቤታችን በመንዝ ያለው የጓሳ ሜዳ ከ400 ዓመት ገደማ ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የቤት ክዳን የሚሆነው ጓሳ ሣር እንዲያድግ ሜዳው ለሦስትና ለአምስት ዓመት ያህል ይዘጋል፤ በተከፈተ ጊዜ ባለ መብቱ ሁሉ በሥርዓት ያጭዳል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ፈርሶ ሣሩም ተጐድቶ ነበር፤ ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ይኖራሉ። መንዝ ይህን ያደረገው ዐዋቂ ከውጭ መጥቶ ስላስተማረው ሳይሆን ጎጆው ክዳን እንዳያጣ ፈርቶ ነው። ምኒልክም ባሕር ዛፍን ያስተከሉት ከተማቸው እሳት እንዳያጣ ፈርተው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የእርሻውን ሥራ ለከንቲባ ወልደ ጻድቅ ሰጡ፤ በዓመቱም በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሕመም ጠናባቸው፤ አካላቸው ሰለለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለብዙ ጊዜ ለሕዝብ ሳይነገር ቈየ፤ ዐፅማቸውም በመጨረሻ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ ቤተ ክርስቲያን አረፈ።

በአንጎለላ ተወልደው በአዲስ አበባ ያረፉት ንጉሥ ከነቀሏቸው ከተሞች መካከል አንኮበርና ልቼ ትንንሽ ስፍራዎች ሆነው ቀሩ። የእንጦጦ ተራራም ባዶ ከሆነ በኋላ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ፣ ብዙ እናቶችና እኅቶች ከዚያ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ ከተማ በማውረድ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉበት ኖረ። ለዋና ከተማነት የታሰበችው አዲስ ዓለምም ንጉሡን ስትጠብቅ ቀረች። በዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ እስከ ዛሬም ቅዳሴ ይቀደስበታል።